ልብ ድው ድው ሲል፦ ፍርሃት፣ ወስዋስና ተወኩል

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶለዋትና ሰላም በመልእክተኛው በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ስለ ልብ ድርቀት፣ ስለ ልብ ንጽሕና፣ ስለ ምቀኝነትና ስለ ኩራት በየመስጂዱና በየመጽሔቱ ብዙ ተብሏል። የዛሬው ርዕሳችን ግን በደረትህ ውስጥ ያለው፣ የአንድ ሰው ጡጫ የሚያክለው ሥጋዊው ልብ ነው። እርሱ ሲታወክ ሩሕም አብራ ስለምትታወክ ነገሩ የሐኪም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሌሊት ነው እንበል። ቤተሰቡ ተኝቷል። በግራ ጎንህ ጋደም ብለህ ሳለ ልብህ በድንገት ይዘላል፤ ለቅጽበት የቆመ ይመስልሃል፤ ከዚያም ደረትህን ከውስጥ ይደበድበዋል። ብድግ ትላለህ። ጣትህን አንጓህ ላይ አድርገህ ትቆጥራለህ፤ ደግመህ ትቆጥራለህ። «ሞት መጣ» ትላለህ። ሞት ሳይመጣ ፈጅር ይደርሳል። በማግስቱም ሌሊት እንዲሁ ይሆናል።

በዚህ ዓይነት ጭንቀት የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ጥቂቶች አይደሉም። ብዙዎቹ ለማንም አይናገሩም። ቢናገሩ ከሁለት መልስ አንዱ እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። አንዱ «ኢማንህ ስለ ደከመ ነው» ይላቸዋል፤ ሌላው «ይህን እንክብል ዋጥና ተረጋጋ» ይላቸዋል። ሁለቱም መልሶች ፈጣኖች ናቸው፤ ሸክሙን ግን አያነሱም።

ስለዚህ ጥያቄውን በግልጽ እናንሳው። የልቡን ምት የሚፈራ ሙእሚን በአላህ ላይ ያለው መመካት ጎድሏልን? ጥንቃቄ የት ላይ ያበቃል? ወስዋስስ የት ላይ ይጀምራል?

ልብ እንዴት ይመታል?

ነገርን ከመፍራት በፊት ማወቅ ይቀድማል። ያረፈ ጤነኛ አዋቂ ሰው ልቡ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። 70ን ብንይዝ በሰዓት 4,200፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 100,800 ምት ይሆናል። በየደቂቃው አምስት ሊትር ያህል ደም ይገፋል። ይህን ሥራ የሚያስጀምረው ከልብ ቀኝ የላይኛው ክፍል ያለ ትንሽ ሥፍራ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። አንተ ተኝተህም፣ ሰግደህም፣ ተጣልተህም ሥራው አይቋረጥም። ትእዛዝህን አይጠብቅም። አንተን ሳያማክር ይህን ሁሉ ዓመት ያገለገለህ በጌታው ትእዛዝ ነው።

ከእነዚህ መቶ ሺህ ምቶች መካከል አንዳንዱ ከሰዓቱ ቀድሞ ይመጣል። ከቀደመው ምት በኋላ ልብ ጥቂት ያርፋል፤ በዚያች ዕረፍት ከወትሮው የበለጠ ደም ስለሚሞላ ቀጣዩ ምት ጠንከር ይላል። ሰው «ልቤ ቆመ» የሚለው ዕረፍቷን ነው፤ «ልቤ ዘለለ» የሚለው ደግሞ ጠንካራውን ምት ነው። ይህ ልባቸው ፍጹም ጤነኛ በሆነ ሰዎችም ላይ በብዛት የሚታይ ነገር ነው።

አሁን ፍርሃት ይጨመርበት። ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። አድሬናሊን ልብን ያፈጥናል። የፈጠነው ልብ ባለቤቱን ያስደነግጣል፤ ድንጋጤው ተጨማሪ አድሬናሊን ያስለቅቃል። እንዲህ እያለ ክቡ ይዞራል። በክቡ ውስጥ ያለ ሰው የሚሰማው ምት እውነት ነው፤ ውሸታም አትበለው። የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። ልቡ የሚፈጥነው ሊሞት ስለሆነ አይደለም፤ ልሞት ነው ብሎ ስለፈራ ነው።

ፍርሃት ኃጢአት ነውን?

«ኢማንህ ደክሟል» የሚለውን ፍርድ እንመርምረው። ቁርኣን ስለ ነቢያት ሲተርክ ፍርሃታቸውን አይደብቅም። በሱረቱ ጣሃ የፈርዖን ድግምተኞች ገመዶቻቸውንና በትሮቻቸውን በጣሉ ጊዜ ሙሳ (ዐ.ሰ.) በነፍሳቸው ውስጥ ፍርሃት እንደተሰማቸው ተነግሮናል። አላህ ያናገራቸው ነቢይ ናቸው። የፈሩትም በዚያው በተላኩበት ሥራ ላይ ሳሉ ነው። አላህ ግን አልገሠጻቸውም፤ አረጋጋቸው።

የሙሳን እናት ደግሞ ተመልከት። ልጃቸው እንደሚመለስላቸው ከአላህ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ይሁንና በሱረቱል ቀሶስ እንደምናነበው ልጃቸውን በውሃ ላይ ከለቀቁ በኋላ ልባቸው ባዶ ሆነ፤ አላህ ልባቸውን ባያጸናላቸው ኖሮ ምስጢሩን ሊገልጡት ተቃርበው ነበር። ቃል የተገባላት እናት ልብ እንዲህ ከሆነ፣ ቃል ያልተገባለት የእኔና የአንተ ልብ ቢርበደበድ ምን ይደንቃል?

እንግዲህ ድንጋጤ በሰው ባሕርይ ውስጥ የተፈጠረ ነው። በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የኢማን ጉድለት ምስክርም አይደለም። ሰው የሚጠየቀው በሚችለው ነው፤ የልቡን ፍጥነት ደግሞ በፈቃዱ አያዝም። የሚጠየቀው ፍርሃቱን ተከትሎ በሚያደርገው ነገር ነው።

ስለዚህ «ትፈራለህ ወይ?» ብለህ ራስህን አትጠይቅ። ይልቅ «ፍርሃቴ ምን ያዝዘኛል?» ብለህ ጠይቅ። ሐኪም ዘንድ ሂድ የሚልህ ከሆነ መልካም አማካሪ ነው። በሶፍ መካከል ትወድቃለህና ጀመዓ ቅር፣ መንገድ ላይ ትሞታለህና ሥራህን ተው፣ ልጆችህን አቅፈህ አታጫውት፣ ሌሊቱን ሙሉ አንጓህን ቁጠር የሚልህ ከሆነ ግን ጌታ ሊሆንብህ የሚፈልግ አገልጋይ ነው። እዚህ ላይ ልታስቆመው ይገባል።

ሰበብ ማድረስ

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሊጠይቋቸው ሄዱ። እጃቸውን በደረታቸው መካከል አኖሩ፤ ሰዕድም የእጃቸውን ቅዝቃዜ በልባቸው ላይ ተሰማቸው። ነቢዩም ልቡን የታመመ ሰው መሆናቸውን ነግረው፣ ወደ ሠቂፍ ጎሳው ሐኪም ወደ ሐሪስ ኢብን ከለዳ እንዲሄዱ አመለከቷቸው። የመዲና ዐጅዋ ቴምርም አዘዙላቸው። በሐዲሱ ሰነድ ላይ ሊቃውንት የተነጋገሩበት ቢሆንም፣ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት መፈጠሩን የሚነግረን በቡኻሪ የተዘገበው ሐዲስ ትርጉሙን ያጠናክረዋል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በል። መጀመሪያ የታመመውን ጠየቁት፤ ቀጥሎ እጃቸውን ደረቱ ላይ አኖሩ፤ ከዚያ በሙያው ወደሚታወቅ ሰው ላኩት። «ኢማንህን አድስ» ብለው አላሰናበቱትም። እኚህ ሰዕድ በኋላ በቃዲሲያ ጦርነት (በ636 እ.ኤ.አ. ገደማ) የሙስሊሙን ሠራዊት መርተዋል። በዚያም ጊዜ ታመው ስለነበር ጦሩን የመሩት ከፎቅ ላይ በደረታቸው ተኝተው እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በሽታ ሰውን ከቁም ነገር አያወጣም።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ.) በሂጅራ 18ኛው ዓመት ገደማ ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በምትባል ሥፍራ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሰዎችን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሸሽ መሆኑን ገለጹላቸው። ግመሎቹን ለምለም ሣር ባለበትም ሆነ በደረቀው የሸለቆ ዳር ያሰማራ ሰው፣ በሁለቱም በኩል ከቀደር እንዳልወጣ አስረዷቸው። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሐኪም ቤት መሄድም ቀደር ነው፤ መዳንም ቀደር ነው።

ስለዚህ ልቡ የሚመታበት ሰው አንድ ጊዜ በደንብ ይመርመር። ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ ትኩሳት፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ ብዙ ቡና፣ የአስም መንፊያና አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ልብን ያፈጥናሉ። ጫትም እንደዚሁ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ ሲቅም ውሎ፣ ሌሊት ልቤ መታ ብሎ ሩቃ አድራጊ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጎረቤቱን አይጠርጥር፤ የቃመውን ይጠርጥር።

በአገራችን ደግሞ ችላ የማይባል ሌላ ነገር አለ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር የሚከተለው የሩማቲክ የልብ በሽታ የብዙ ወጣቶቻችንን የልብ በር ያበላሻል። ስለዚህ የልብ ምቱ ራስን ከመሳት፣ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከእግር እብጠት ጋር ከመጣ፣ ሩጫ ወይም ከባድ ሥራ ላይ እያለ ከጀመረ፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ቀጠሮ የማይሰጠው ነገር ነው። «ጭንቀት ነው» ብሎ ማለፍ እዚህ ላይ ተወኩል አይባልም፤ አማናን መጣል ነው። ሰውነትህ የአንተ ንብረት ሳይሆን አላህ በአደራ የሰጠህ ነውና።

እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይሻርም

ተመርምረሃል እንበል። ሐኪሙ ልብህን አዳምጧል፤ የኢ.ሲ.ጂ. ወረቀቱን አይቷል፤ ደምህን አስመርምሯል፤ «ልብህ ጤነኛ ነው» ብሎሃል። ለሦስት ቀን ተረጋጋህ። በአራተኛው ቀን ልብህ አንዴ ዘለለ። «ሐኪሙ ያላየው ነገር ቢኖርስ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድክ፤ ከዚያም ሦስተኛው ዘንድ።

እዚህ ላይ ፊቅህ አንድ መድኃኒት አለው። በመድረሳ ተማሪዎች ገና ከጅምሩ የሚማሩት መርሕ ነው፤ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይሻርም። መሠረቱ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ ነው። በሶላት ላይ ሳለ አንዳች ነገር ከሆዱ የወጣ እየመሰለው ስለሚቸገር ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተጠይቀው፣ ድምፅ ካልሰማ ወይም ሽታ ካላገኘ በቀር ሶላቱን እንዳያቋርጥ መለሱ። መልሱን አስተውል። ሰውየው የተሰማው ነገር እንዳለ አልካዱም። ስሜት ሁሉ ማስረጃ እንዳልሆነ ግን አስተማሩት።

ውዱእ ደጋግሞ የሚያደርገውን ሰው ታውቀዋለህ። ውሃው ያልደረሰው ቦታ ያለ ይመስለዋል፤ እንደገና ይታጠባል። በታጠበ ቁጥር ጥርጣሬው የሚቀንስ ይመስለዋል፤ ግን ይበዛል። ኡለማዎች ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ ወደ ጥርጣሬው አትመልከት፣ ሥራህን ቀጥል። አንጓውን በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚቆጥርም ወንድሙ ነው። መቁጠሩ ልቡን አይጠብቀውም፤ ፍርሃቱን ግን ይቀልበዋል።

በዚህ መርሕ ሰውነትህን ዳኝ። ምርመራው እርግጠኛው ነገር ነው። በአራተኛው ቀን የመጣው መዝለል ጥርጣሬ ነው። እርግጠኛውን የሚያነሣው እንደ ድምፁና እንደ ሽታው ያለ ግልጽ ምልክት ነው። እነዚያ ቀደም ሲል የቆጠርናቸው የአደጋ ምልክቶች ናቸው። እነርሱ ከታዩ ሳትዘገይ ሂድ፤ ካልታዩ ሶላትህን እንዳታቋርጥ እንደታዘዝክ ሁሉ ኑሮህንም አታቋርጥ። የጥንቃቄና የወስዋስ ወሰን ይህ ነው። ጥንቃቄ ማስረጃ ሲያገኝ ይረካል፤ ወስዋስ ግን ማስረጃ በበላ ቁጥር ይርበዋል።

መረጋጋትን ከጠርሙስ መፈለግ

ዛሬ በየፋርማሲው፣ በየሱቁና ከዐረብ አገር በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ ሁሉ የማይጠፋ ነገር አለ። ቫይታሚኑ፣ ማግኒዝየሙ፣ የዓሣ ዘይቱ፣ የጥቁር አዝሙድ እንክብሉ፣ «ለልብ»፣ «ለነርቭ»፣ «ለክሳት» የተባለው ጠርሙስ ሁሉ ነው። የተጨነቀ ሰው ይገዛል። በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋውን በጠርሙሱ ላይ ያኖራል። በሁለተኛው ሳምንት ልቡ ይመታል፤ «ይህ እንክብል ይሆን?» ይላል። አሁን ደግሞ ፍርሃቱን በዚያው ጠርሙስ ላይ አኖረ። ትናንት ያድነኛል ያለውን ዛሬ ይገድለኛል ይላል። እንክብሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ልቡ የተንጠለጠለበት መንጠቆ ነው።

ሁለት እውነቶችን አብረን መያዝ አለብን።

አንደኛው፣ «ቫይታሚን ብቻ ነው፤ አይጎዳም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት እነዚህ ነገሮች እንደ መድኃኒት አስቀድሞ ደኅንነታቸውና ጥቅማቸው ሳይረጋገጥ ገበያ ይገባሉ። ኤፌድራ የተባለው ዕፅ ለክሳት እየተባለ ሲሸጥ ኖሮ፣ በልብና በደም ሥር ላይ በሚያመጣው አደጋ ምክንያት በ2004 እ.ኤ.አ. በዚያው አገር ታገደ። ሲቡትራሚን የተባለው የክሳት መድኃኒት በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» በሚል ሽፋን በሚሸጡ እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ ሲገኝ ቆይቷል። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለው ካልሲየም የልብን ምት ያዛባል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ፖታሲየም መጨመር ለሕይወት ያሰጋል። የዓሣ ዘይትም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በቀን 4 ግራም የተጣራ የዓሣ ዘይት ውጤት የወሰዱት ላይ የልብና የደም ሥር ሕመም አደጋ መቀነሱን አሳይቷል። ነገር ግን በምት መዛባት ምክንያት ሆስፒታል የገቡት ከመቶ 3 ገደማ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ዘንድ 2 ገደማ ነበሩ። ጥቅምና ጉዳት በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ይኖራሉ።

ሁለተኛው፣ የምንፈራው የጎንዮሽ ጉዳት ሁሉ ከመድኃኒቱ አይመጣም። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተመራና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት በጎንዮሽ ጉዳቱ የተነሳ የተዉ 60 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታተሉ፤ አራት ወር እውነተኛውን መድኃኒት፣ አራት ወር ምንም የሌለበትን አስመሳይ እንክብል፣ አራት ወር ደግሞ ምንም ሳይወስዱ፣ ወሮቹ እየተቀላቀሉ። እውነተኛውን ሲወስዱ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው አስመሳዩን ሲወስዱም ተሰምቷቸዋል። ሰዎቹ አልዋሹም፤ ሕመሙ እውነት ነበር። ያመጣው ግን በአብዛኛው እንክብሉ ሳይሆን መዋጡና መጠበቁ ነበር።

ይህ ለምን ያስጨንቀናል? በዚህ ምክንያት ሰው ስለሚጎዳ ነው። አንዲት እናት ለደም ግፊታቸው መድኃኒት ታዘዘላቸው እንበል። የጎረቤት ልጅ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አነበበላቸው፤ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መለዋወጥ... ሲል ፈሩ፤ መድኃኒቱን ተዉ። ግፊት ደግሞ ድምፅ የለውም። አንዳንዱን የልብ መድኃኒት በድንገት ማቆም ራሱ ልብን ያስሮጣል። በአውሮፓ በሚዘጋጁት ወረቀቶች ላይ «በጣም አልፎ አልፎ» የሚለው ቃል ከ10 ሺህ ሰዎች ከአንድ በታች ማለት እንደሆነ ልጁ ቢነግራቸው ኖሮ ምናልባት ባልፈሩ ነበር። ወረቀቱ የተጻፈው ለማስጠንቀቅ ነው፤ ወስዋስ ግን ማስጠንቀቂያን እንደ ፍርድ አድርጎ ያነባል።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ሐኪም ያዘዘልህን ያለ ሐኪም አትተው፤ ሐኪም ያላዘዘልህን ደግሞ ያለ ሐኪም አትጀምር። የምትወስደውን ሁሉ፣ ቅጠሉንም ማሩንም ሳይቀር፣ ለሐኪምህ ንገር። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የጀመረ ሰው የትኛው እንደጠቀመውና የትኛው እንደጎዳው ሊያውቅ አይችልም።

ለሚሸጥና ለሚሰጥ

እዚህ ላይ ነጋዴውንና ደጉን ዘመድ ማናገር ያስፈልጋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሕክምና ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስተምረዋል፤ አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብን ማጀህ ዘግበውታል። ሐዲሱ ክፉ አስቦ የሚያክመውን ብቻ አይመለከትም። በቅን ልብ ያለ ዕውቀት የሚያክመውንም ይመለከታል። ቅን ልብ የተበላሸ ኩላሊት አይመልስም።

ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉም ፈውስ መሆኑን የሚናገረው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የጸደቀ ነው፤ እናምንበታለን። ግን ሐዲሱ ስለ ፍሬው እንጂ ስሙን ለጥፎ ስለሚሸጠው ጠርሙስ ሁሉ አልተናገረም። እንደ ኸጣቢ ያሉ ሊቃውንትም አጠቃላይ የሚመስለው አነጋገር የተለዩ ሕመሞችን የሚመለከት መሆኑን ገልጸዋል። ጥቁር አዝሙድ የደም ግፊትንና የስኳርን መጠን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ለእነዚህ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር አያብዛ። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ለዕቃው ማሻሻጫ የሚያደርግ ነጋዴ፣ ዕቃው ያልሆነውን ነው ብሎ ሲሸጥ ያጭበረበረው ገዢውን ብቻ እንዳልሆነ ይወቅ።

ልብን ለክፉ ቀን ማሰነቅ

ከዛሬ 1,100 ዓመታት በፊት በበልኽ፣ በዛሬዋ አፍጋኒስታን፣ አቡ ዘይድ አል በልኺ (850–934 እ.ኤ.አ.) የሚባሉ ሊቅ ነበሩ። ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፉት «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ የነፍስን ሕመም ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ሐዘንና ወስዋስ ብለው ከፍለው አስተምረዋል። ሰውነት ሲታመም ነፍስ፣ ነፍስ ስትታመም ሰውነት እንደሚታወክ ገልጸዋል። ብልህ ሰው ለድንገተኛ ሕመም የሚሆን መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በሰላሙ ጊዜ መልካም ሐሳቦችን አዘጋጅቶ ለጭንቀቱ ጊዜ ያኑር ብለዋል። በወስዋስ የተያዘ ሰው ብቻውን መሆን እንዳያበዛም መክረዋል።

ይህ ዛሬም የሚሠራ ምክር ነው። ፍርሃቱ ሲመጣ ማሰብ ይከብዳል፤ ስለዚህ ስንቁን ቀድመህ አዘጋጅ። በቀን፣ ልብህ በረጋበት ሰዓት፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍ፦ «ተመርምሬአለሁ። ይህ ምት ከዚህ በፊት መጥቶ ሄዷል። የአደጋ ምልክት የለም። ልቤ በጌታው እጅ ነው።» ሌሊት ያንን አንብብ። አንጓህን አትቁጠር። ትንፋሽህን ቀስ ብለህ ሳብ፤ ከሳብክበት አርዝመህ አውጣው። በዚህ ጊዜ ልብ እየቀዘቀዘ ይመጣል። አውጥተህም ዚክርህን አስከትል። አላህን በማውሳት ልቦች እንደሚረጉ በሱረቱ ረዕድ ተነግሮናል። ዚክርን ግን እንደ መፈተሻ መሣሪያ አታድርገው። «ሠላሳ ሦስት ጊዜ ብዬ ልቤ አልቆመም» ብለህ የምትቆጣ ከሆነ፣ ጌታህን እያወሳህ ሳይሆን አሁንም ልብህን እየቆጠርክ ነው።

ቡናህን ቀንስ። ካፌይን ከጠጣኸው ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በደምህ ውስጥ ይኖራል። ጫቱን ተው። በጀመዓ ስገድ፤ ሰው መካከል ሁን። ጭንቀቱ ከወራት በላይ ከዘለቀና ኑሮህን ከያዘብህ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እርሱም ሰዕድ እንደተላኩበት ሐኪም ያለ ሰበብ ነው፣ አያሳፍርም። ጾምን በሚመለከትም በፍርሃት ብቻ አትፍታ፤ የሚታመን ሐኪም ይጎዳሃል ካለህ ግን አላህ ለበሽተኛ የሰጠውን ፈቃድ አትናቅ።

ለቤተሰብም አንድ ቃል። ባለቤትህ ወይም ልጅህ ወይም እናትህ «ልቤ» ስትልህ አትሳቅባት፤ አትገሥጻትም። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) እጅ አስታውስ፤ መጀመሪያ ደረት ላይ ነበር ያረፈው። አጠገቧ ተቀመጥ። ሐኪም አሳያት። ሐኪሙ ደኅና ናት ካላት በኋላ ግን በየሰዓቱ «እርግጠኛ ነህ?» እያለች ስትጠይቅህ በየሰዓቱ አትማልላት። አንዴ መልስና «አሁን ወደ ሥራችን እንሂድ» በላት። መሐላህም ለወስዋሱ መኖ ይሆናል።

የማይጠፋው ጥያቄ

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ ልንሸሸው አይገባም። «ሐኪሙ ጤነኛ ነህ ቢለኝም፣ አንድ ቀን ልቤ መቆሙ አይቀርም» ትላለህ። እውነትህን ነው። ሙሉ ዋስትና የሚሰጥህ ሐኪምም፣ እንክብልም፣ ወረቀትም የለም። የጭንቀት ሥሩ እዚህ ላይ ነው። የተጨነቀ ሰው የሚፈልገው ጤና ብቻ አይደለም፤ ነገን በእጁ መያዝ ይፈልጋል። ነገን ደግሞ ከአላህ በቀር የያዘው የለም።

ተወኩል «ምንም አይደርስብኝም» ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን ቃል አላህ ለነቢያቱም አልሰጠም። ተወኩል የሚቻለውን ካደረሱ በኋላ ውጤቱን ለባለቤቱ መተው ነው፤ ግመሏን ማሰርና ከዚያ መመካት ነው። ያሰራትን ግመል ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳ ገመዱን የሚጎትት ሰው ግን አሰረ እንጂ አልተመካም።

የልብህ ምቶች ቁጥራቸው አላህ ዘንድ የታወቀ ነው። ብትቆጥራቸው አንዲት አትጨምርም፤ ባትቆጥራቸው አንዲት አትጎድልም። ለአንተ የተተወልህ ምቶቹን በምን እንደምታሳልፋቸው መምረጥ ነው። ዛሬ መቶ ሺህ ጊዜ ይመታልሃል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ለሶላት፣ ስንቱ ለወላጅ፣ ስንቱ ለልጅ፣ ስንቱስ ለሐላል ሥራ ይሆን? በዕለተ ትንሣኤ የምንጠየቀው ይህንን ነው።

እየፈራህም ቢሆን ተነስና ውዱእ አድርግ። እየፈራህም ቢሆን ወደ ሶፉ ግባ። እየፈራህም ቢሆን ልጅህን ወደ ትምህርት ቤት አድርስ። ፍርሃት ሳይኖር የሚደረግ ጉዞ ቀላል ነው፤ ከፍርሃት ጋር የሚደረገው ግን ሰብር አለበት፤ ሰብር ደግሞ አላህ ዘንድ አይጠፋም።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ይፈውስልን፤ የተጨነቁትን ልብ ያርጋልን፤ ያለ ዕውቀት ከመናገርና ያለ ዕውቀት ከማከም ይጠብቀን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።